ለወንድሜ ልጅ፣ ስለ ዓሣዎቹ ውሃ

ልጄ፣ ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው ቤትህ የዓሣ ገንዳ እንዳቆምክ፣ የቧንቧ ውሃ በከሰል፣ ከዚያ በሜምብሬን፣ በመጨረሻም በሬዚን የሚያጣራ መሣሪያም እንደገጠምክ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ማጣሪያውን መግጠምህ መልካም ነው፤ ሥራውን መሥራቱን ግን ራስህ ፈትሸህ እወቅ። ዓሣዎቹ ከዚያ ውሃ መሸሻ የላቸውም።

1. ቧንቧህ የሚያመጣልህን እወቅ። የዲሲ ውሃ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የሚታከመው በክሎራሚን ነው፤ ይኸውም የክሎሪንና የአሞኒያ ውህድ ነው። በየዓመቱ በጸደይ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ወደ ክሎሪን ይመለሳሉ። ውሃ በባልዲ አሳድር የሚሉህ ሰዎች ስለ ክሎሪን ከሆነ እውነታቸውን ነው፤ ክሎሪን ይተንናል። ክሎራሚን ግን አድሮም አይለቅም።

2. ለአንተ የሚጠጣ ውሃ ለዓሣ መርዝ ሊሆን ይችላል። ክሎሪን የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል። ክሎራሚን ደግሞ በስንጥቡ አልፎ ደም ውስጥ ይገባና ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ከእነዚህ በሊትር እስከ 4 ሚሊግራም ይፈቅዳል። ለወንዝና ለሐይቅ ፍጥረታት ያስቀመጠው የረጅም ጊዜ ወሰን ግን 0.011 ሚሊግራም ነው። ልዩነቱ ከ300 እጥፍ በላይ ነው።

3. በውሃ የሟሟውን ነገር የሚገምተው ቲዲኤስ ሜትር ዜሮ ሲያሳይህ ልብህ አይረፍ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሜትሩ የሚለካው ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን ነው። ክሎራሚን የኤሌክትሪክ ሙል ስለሌለው ሜትሩ አያየውም፤ ጨው ይቀምሳል እንጂ ሽታ አያሸትም። ክሎሪንና ክሎራሚንን የሚያስቀረው የከሰሉ ማጣሪያ ነው። ከሰሉ ሲደክም መርዙ ወደ ሜምብሬኑ ይደርሳል፤ ሜምብሬኑንም ቀስ በቀስ ይበላዋል።

4. የምትገዛው መፈተሻ ጠቅላላ ክሎሪን የሚለካ ይሁን። ነጻ ክሎሪን ብቻ የሚለካው ክሎራሚን እያለ የለም ሊልህ ይችላል። ዲፒዲ የሚባለው ኬሚካል ክሎሪን ሲያገኝ ሮዝ ይሆናል፤ ክሎራሚንንም እንዲያሳይ ፖታሲየም አዮዳይድ ይጨመርበታል። ነጻውን በአንድ ደቂቃ ውስጥ አንብብ፤ ለጠቅላላው ሦስት ደቂቃ ያህል ጠብቅ። ከጠቅላላው ላይ ነጻውን ስትቀንስ የሚተርፈው የክሎራሚኑ ድርሻ ነው። የመጀመሪያ ምልክቱ በሊትር 0.5 ሚሊግራም የሆነ ወረቀት ለዚህ ሥራ አይበቃም፤ የዓሣው ጉዳት የሚጀምረው ከዚያ እጅግ በታች ነው። ዝቅተኛውን መጠን የሚያነብ ፈልግ፤ ዋጋው ቢከብድህም ከሌላ ነገር ላይ ቆጥብና ግዛው።

5. ናሙናውን ከከሰሉ በኋላ፣ ከሜምብሬኑ በፊት ቅዳ። እዚያ መቅጃ ከሌለህ የተረፈ ውሃ ከሚወጣበት ቱቦ ቅዳ፤ እሱም በከሰሉ ያለፈ ነው። ከመቅዳትህ በፊት ግን ጥቂት ደቂቃ ይፍሰስ። ከሰሉ ውስጥ ሲተኛ የቆየው ውሃ ረጅም ጊዜ ስለተነካካ ንጹሕ ይመስላል፤ እውነቱን የምታየው ሲፈስ በቆየው ነው።

6. ሁልጊዜ ከጎኑ ያልተጣራ የቧንቧ ውሃ ፈትሽ። እሱ ሮዝ ካልሆነ የሞተው ኬሚካልህ ሊሆን ይችላል፤ የተጣራውም ውሃ ምንም አለማሳየቱ ማስረጃ አይሆንህም። ብልቃጦቹን በነጭ ወረቀት ላይ አድርገህ በቀን ብርሃን ተመልከት። ውስጣቸውን በጣትህ አትንካ።

7. አሞኒያንም አትርሳ። ከሰሉ ክሎራሚንን ሲሰብር አሞኒያ ይለቀቃል፤ እሱን የሚይዘው የመጨረሻው ሬዚን ነው። ስለዚህ ሬዚኑን ያለፈውን ውሃ ለአሞኒያ ፈትሽ። አንዳንድ የአሞኒያ መፈተሻ ክሎራሚንንም አሞኒያ ብሎ ስለሚያነብ መጀመሪያ ጠቅላላ ክሎሪን አለመኖሩን አረጋግጥ።

8. ከከሰሉ ያለፈው ውሃ በመፈተሻው ጥቂት እንኳ ሮዝ ከሆነ፣ ውሃውን ወደ ገንዳው አታስገባ፤ ሳትዘገይም ከሰሉን ለውጥ። ለክሎራሚን ተብሎ የተዘጋጀውን ካታሊቲክ ከሰል ምረጥ፤ ክሎራሚን ከክሎሪን ይበልጥ ጊዜ ስለሚፈልግ ውሃው በቀስታ ይለፍ። የተቀዳውን ውሃ መጠቀም የግድ ከሆነብህ ሶዲየም ታዮሰልፌት ክሎሪኑን ያጠፋልሃል፤ አሞኒያው ግን እዚያው ይቀራል። አዲሱን ከሰል ስትገጥም ቀኑን ማቀፊያው ላይ ጻፍበት፤ የመጀመሪያውን ውሃ አፍስሰህ ጣልና እንደገና ፈትሽ።