ሓሺያው ሲደበዝዝ፦ ስለ ዓይን እርጅናና መነጽር ያስጥላል ስለተባለው ጠብታ



ባለፈው የሴሚስተር እረፍት ከወሎ የመጣነው ልጆች ተያይዘን ልጅ ሳለን የቀራንበትን መድረሳ ልንዘይር ሄደን ነበር። ኡስታዛችን 58 ዓመት ሆኗቸዋል። ድሮ ኪታቡን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያቀሩን የነበሩት ሰው አሁን ክንዳቸውን እስከ መጨረሻው ዘርግተው፣ አንገታቸውን ወደ ኋላ አድርገው ነው የሚያነቡት። ዋናውን ጽሑፍ በዚህ መልኩ ይወጡታል። ዳር ላይ በደቃቁ የተጻፈውን ሓሺያ ግን ትተውታል፤ ከደረሶቹ አንዱ ያነብላቸዋል፣ እሳቸው ያብራራሉ። ደረሳው አንድ መስመር ቢዘል እንኳ ከወረቀቱ አይይዙትም።

ሻይ ቀርቦ ስንቀመጥ ጥያቄ አነሱልን። አሜሪካ ያለ የእህታቸው ልጅ ደውሎ፣ «መነጽር የሚያስጥል ጠብታ ወጥቷል፣ ልላክልዎት?» ብሏቸዋል። «እናንተ ዩኒቨርሲቲ ናችሁ፤ ይህ ነገር እውነት ነው? ረመዳን ላይስ ፆም ያበላሻል ወይ?» አሉን። እውነቱን ለመናገር ለሁለቱም መልስ አልነበረንም። «አጣርተን እንነግርዎታለን ኢንሻ አላህ» ብለን ወጣን። ያጣራነውን ለእሳቸው ብቻ ከመላክ እዚህም ማስፈር የመረጥነው የብዙዎቻችን አባትና እናት 40ን ያለፉ በመሆናቸው ነው።

መጀመሪያ ችግሩን እንየው። ዓይን ብርሃንን ሰብስቦ ሬቲና ላይ የሚያሳርፈው በሁለት ነገር ነው፤ ፊት ለፊት ባለው ኮርኒያና ከብሌኑ ኋላ ባለው ሌንስ። ትልቁን ሥራ የሚሠራው ኮርኒያው ቢሆንም ቅርጹ አይለዋወጥም። ሚናራውን አይተን ወዲያው ስልካችንን ስናይ የሚስተካከለው ሌንሱ ነው። በዙሪያው ያለው ጡንቻ ሲኮማተር ሌንሱ ወፈር፣ ክብ ይላል፤ ጉልበቱም ይጨምራል። ዕድሜ ሲገፋ ሌንሱ እየደደረ ይሄዳልና ጡንቻው ቢኮማተርም እንደ ድሮው አይታዘዝለትም። ይህ ፕሬስባዮፒያ ይባላል፤ ከግሪክኛ የመጣ ቃል ሲሆን የሽማግሌ ዓይን እንደማለት ነው። እንደ ሽበት ሁሉ ዕድሜ የሰጠው ሰው አያመልጠውም።

አሁን ትንሽ ሒሳብ፤ የምህንድስና ተማሪ ሲጽፍ ይህ አይቀርም። የሌንስ ጉልበት የሚለካው በዳዮፕተር ነው፤ 1ን በሜትር ለተለካ ርቀት ማካፈል ማለት ነው። ሩቅ ጥሩ የሚያይ ሰው 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለ ኪታብ ለማንበብ 1 ሲካፈል ለ0.4፣ ማለትም 2.5 ዳዮፕተር መጨመር አለበት። የአሥር ዓመት ልጅ ከ10 በላይ መጨመር ስለሚችል አይሰማውም። ወደ 60 የተጠጋ ሰው ግን የሚቀረው ወደ 1 ዳዮፕተር ብቻ ነው። በ1 ዳዮፕተር አጥርቶ የሚያየው የቅርብ ቦታ አንድ ሜትር ላይ ነው፤ ክንድ ደግሞ አንድ ሜትር አይሞላም። የኡስታዛችን ክንድ ያለቀው ለዚህ ነው።

40 ሳንቲ ሜትር ላይ እንግዲህ 1.5 ዳዮፕተር ይጎድላቸዋል። ጉድለቱ እያንዳንዱን ነጥብ ወደ ክብ ብዥታ ይለውጠዋል። የብዥታው ስፋት የሚወሰነው በሁለት ነገር ነው፤ በጉድለቱና በብሌኑ ስፋት። ብሌኑ 4 ሚሊ ሜትር ከሆነ ወረቀቱ ላይ ያለች አንዲት ነጥብ 2.4 ሚሊ ሜትር ያህል ተስፋፍታ ትታያለች። ባ፣ ታ እና ሣ የሚለዩት በነጥብ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ብሌኑ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ቢጠብብስ? ብዥታው በግማሽ ቀንሶ 1.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሌንሱ አልተነካም፤ የጠበበው የብርሃን መግቢያው ብቻ ነው።

ይህን አሁኑኑ መሞከር ይቻላል። ወረቀት በመርፌ ቀዳ አድርጉና ቀዳዳውን ዓይናችሁ ሥር አስጠግታችሁ ይህን ጽሑፍ ከዓይናችሁ 7 ወይም 8 ሳንቲ ሜትር ላይ አንብቡት። ያለ ቀዳዳው ብዥ ያለው ፊደል በቀዳዳው በኩል ይለያል፤ ግን ጨለም ይላል። ዶርም ውስጥ ስንሞክረው አንድ ወንድማችን መነጽሩን አውልቆ ግድግዳ ላይ ያለውን ፕሮግራም በቀዳዳው አነበበና ለአንድ ሰዓት ያህል ወረቀቷን አልሰጥ አለን።

ኢብኑል ሀይሠም (ረሒመሁላህ) ባስራ ተወልደው ካይሮ ላይ በ1040 እ.ኤ.አ. ገደማ ያረፉ ሰው ናቸው። ማየት ማለት ከዓይን ጨረር መውጣቱ ሳይሆን ከሚታየው ነገር ብርሃን ወደ ዓይን መግባቱ መሆኑን በኪታቡል መናዚር ያስረዱ እሳቸው ናቸው። ስለ ፀሐይ ግርዶሽ በጻፉት ደግሞ በጠባብ ቀዳዳ የገባው ብርሃን የፀሐይዋን ማጭድ ቅርጽ እንደሚያሳይ፣ ቀዳዳው ሲሰፋ ግን ቅርጹ እንደሚጠፋ አብራርተዋል። የብሌኑም ነገር ያው ነው። (እሳቸውም ቢሆኑ የማየት ስሜት የሚጀምረው ሌንሱ ላይ ይመስላቸው ነበር፤ ሬቲና መሆኑ የታወቀው ኋላ ነው። ኩራታችን እርማቱን መደበቅ የለበትም።)

ወደ ጠብታው እንምጣ። ቪዩቲ የተባለው ጠብታ ለፕሬስባዮፒያ በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የተፈቀደ የመጀመሪያው ሲሆን ጊዜው ጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ነው። በውስጡ ያለው ፓይሎካርፒን 1.25 በመቶ ነው። ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ መድኃኒቱ አዲስ አይደለም፤ ጃቦራንዲ ከሚባል የብራዚል ቁጥቋጦ ቅጠል የተገኘና ከ1870ዎቹ ጀምሮ ለግላኮማ ሲታዘዝ የኖረ ነው። ብሌኑን የሚያጠብበውን ጡንቻ ያኮማትራል፤ ማለትም ያችን የመርፌ ቀዳዳ ዓይኑ ራሱ ላይ ይሠራል። በ15 ደቂቃ ገደማ ይጀምርና እስከ 6 ሰዓት ይቆያል። በ2023 ሌላ 0.4 በመቶ ፓይሎካርፒን ያለው ክሎሲ የተባለ ጠብታ፣ በ2025 ደግሞ አሴክሊዲን የተባለ መድኃኒት የያዘ ቪዝ የተባለ ጠብታ ተፈቅዷል። አሴክሊዲን ሌንሱን የሚያንቀሳቅሰውን ጡንቻ ብዙ ሳይነካ ብሌኑን ያጠብባል ተብሎ የተመረጠ ነው።

ስለዚህ የኡስታዛችን የመጀመሪያ ጥያቄ መልሱ «አዎ፣ ውሸት አይደለም» ነው። «መነጽር የሚያስጥል» የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው። ቪዩቲ የተፈቀደባቸው ሁለት ጥናቶች ከ40 እስከ 55 ዓመት የሆኑ 750 ሰዎችን ያካተቱ ነበሩ። ስኬት የተባለው ጠብታው በተደረገ በሦስተኛው ሰዓት፣ በደብዛዛ ብርሃን፣ የሩቅ እይታቸው ሳይበላሽ በቅርብ ማንበቢያ ሰንጠረዡ ላይ 3 መስመርና ከዚያ በላይ ወርዶ ማንበብ ነው። በአንደኛው ጥናት 31 በመቶው ተሳካላቸው፤ መድኃኒት የሌለበት ጠብታ ካገኙት ደግሞ 8 በመቶው። በሌላኛው 26 ለ11 ነበር። ቁጥሩን ገልብጣችሁ ስታዩት ከአሥር ሰው ሰባት ያህሉ ወደዚያ ልክ አልደረሰም። ሒሳባችንም ይህን ይደግፋል፤ ጠብታው ብዥታውን ያሳንሳል እንጂ አያጠፋውም፤ የ1.2 ሚሊ ሜትር ብዥታ የሓሺያን ነጥብ አሁንም ይውጣል። ጉድለቱ ገና ትንሽ ለሆነ የ45 ዓመት ሰው ይረዳው ይሆናል፤ ለ58 ዓመቱ ኡስታዝ ግን ኪታቡ አይጠራላቸውም።

ብርሃኑንም አንርሳ። ብሌኑ ከ4 ወደ 2 ሚሊ ሜትር ሲጠብብ ስፋቱ ሩብ ይሆናል፤ የሚገባው ብርሃንም እንዲሁ። ለዚህ ነው ተጠቃሚዎች ማታ መኪና ሲነዱና በጨለማ ሲሠሩ እንዲጠነቀቁ የሚነገራቸው። ከመግሪብ በኋላ በአንዲት አምፖል ለሚያቀራ ሰው ጠብታው በአንድ እጁ ሰጥቶ በሌላው የሚነሳ ነው። ራስ ምታትና የዓይን መቅላት የተለመዱ ናቸው። ከበድ የሚለው የሬቲና መላቀቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ አይከሰትም፣ ግን ጠብታውን ከጀመረ በኋላ ዓይኑ ላይ ብልጭታ ወይም ድንገት የበዙ ተንሳፋፊ ነጥቦች ያየ ሰው ቶሎ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። በተለይ ከፍተኛ የሩቅ እይታ ችግር ያለበት ሰው አስቀድሞ ሬቲናው መታየት ይኖርበታል። በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሸጠው ለዚህ ነው፤ በሻንጣ ተልኮ የሚመጣው ግን ምርመራውን ይዞ አይመጣም። «ፓይሎካርፒን ከሆነማ የግላኮማውን እንግዛ» የሚል ሊኖር ይችላል፤ እሱ መጠኑም የታዘዘበትም ምክንያት ሌላ ነው።

ይህን ያነሳነው በምክንያት ነው። የአንዲት እህታችን እናት «ዓይኔ ደከመ» ብለው አንድ መድኃኒት ቤት ገብተው ያለ ማዘዣ ጠብታ ተሸጠላቸው፤ ለወራትም ተጠቀሙበት። እህታችን ብልቃጡን ስታነበው ዴክሳሜታዞን ነው፤ ስቴሮይድ። ስቴሮይድ ጠብታ ያለ ክትትል ሲቆይ የዓይን ግፊት ጨምሮ ግላኮማ፣ አልፎም የዓይን ሞራ ሊያመጣ ይችላል። እናትየዋ የሚያስፈልጋቸው የማንበቢያ መነጽር ብቻ ነበር። ለወላጆቻችን የተሰጠውን ብልቃጥ ማንበብ የኛ የተማርነው ልጆች ድርሻ ነው፤ እነሱ ደቃቁን ጽሑፍ አያዩትማ!

ወደ ፆሙ ጥያቄ ስንመጣ፣ እኛ ሙፍቲ አይደለንም፤ ዑለማዎች ያሉትን ብቻ እናስተላልፋለን። በሻፊዒይና በሐነፊይ መዝሀብ ዓይን ወደ ሆድ የሚያስገባ ክፍት መንገድ ተደርጎ ስለማይቆጠር ጠብታ ፆም አያበላሽም፤ ጣዕሙ ጉሮሮ ላይ ቢገኝም እንኳ። በማሊኪይና በሐንበሊይ ወደ ጉሮሮ ከደረሰ ያበላሻል። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1997 ጅዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ የዓይን ጠብታ ወደ ጉሮሮ የደረሰውን ከመዋጥ እስከተቆጠቡ ድረስ ፆም እንደማያበላሽ ወስኗል። በአካል ሲታይም ከዓይን ወደ አፍንጫ የሚወርድ ቀጭን የእንባ ቱቦ አለ፤ መራራው ጣዕም የሚመጣው በእሱ ነው። ጠብታ ካደረጉ በኋላ ዓይንን ጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ በጣት ለአንድ ሁለት ደቂቃ ጫን ማለት ቱቦውን ይዘጋዋል። ሐኪሞች ይህን የሚመክሩት መድኃኒቱ ወደ ሰውነት እንዳይሄድ ነው፤ ለፆመኛም ይጠቅመዋል። ወሏሁ አዕለም።

ዋጋውን መጨረሻ ላይ ያመጣነው ነገሩን ስለሚቆርጠው ነው። ቪዩቲ ሲወጣ የአንድ ወሩ ወደ 80 ዶላር ነበር፤ በየወሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው ሪፖርት ለፕሬስባዮፒያቸው ተገቢ እርማት ያላገኙ 826 ሚሊዮን ሰዎች እንዳሉ አስፍሯል፤ የእነዚህ ሰዎች መፍትሔ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው መነጽር ነው። ሕንድ አሳም ውስጥ 40 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 751 ሻይ ቅጠል ለቃሚዎች ላይ ተጠንቶ በ2018 የወጣ ጥናት አለ። ግማሾቹ የቅርብ መነጽር ወዲያው ተሰጣቸው፤ ግማሾቹ ጥናቱ ሲያልቅ። መነጽር ያደረጉት የሚለቅሙት መጠን ካላደረጉት በላይ ወደ 22 በመቶ ጨመረ። ማንበብ የማይጠይቅ ሥራ ላይ! መርፌ የምታሰካ እናት፣ ጤፍ የምትለቅም እናት ምን ያህል እንደምትቸገር ከዚህ ገምቱ።

ታዲያ ለኡስታዛችን ደውለን፣ ጠብታው እንዲቆይና ወደ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ሄደው እንዲታዩ ነገርናቸው፤ ሞራ፣ ግላኮማና ስኳር ያመጣው ችግር አለመኖሩ ሳይታወቅ መነጽርም ቢሆን ከመንገድ ዳር አይገዛም ብለን። «የኛ ጎረቤት ዓይኑ ወጣት ሆኖ መነጽሩን ጣለ እኮ!» አሉን። እሱም ቢታይ ይሻላል አልናቸው፤ ሽማግሌ ድንገት ያለ መነጽር ማንበብ ሲጀምር ብዙ ጊዜ የሚጀምር የዓይን ሞራ ሌንሱን አጠንክሮት ነው።

ሄዱ፤ ሌላ ችግር አልተገኘባቸውም፣ አልሐምዱሊላህ። የታዘዘላቸው +2.25 ነው። ከ1.5 የበለጠው የቀረችውን አንድ ዳዮፕተር እስከ ጥግ መጠቀም ስለሚያደክም ነው። ባለፈው ጁሙዓ ራሳቸው ደወሉ። ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ፣ «እናንተ ልጆች፣ እዚህ ሳላችሁ ሓሺያውን ስታነቡልኝ የዘለላችሁትን አሁን አገኘሁት፤ ሦስት ቦታ ነው። ለዒድ ስትመጡ ከዚያ እንጀምራለን» አሉን።