ታድሶ የቆመ አሮጌ አውቶሞቢል ይሸጥ ወይስ ይቀመጥ?

ነጋዴ ለመሸጥ የገዛውን ዕቃ መሸጥ አይቸግረውም፤ ልማዱ ነውና። የሚቸግረው ለመሸጥ ያልገዛውን ዕቃ እንዲሸጥ ሲጠየቅ ነው። በዚህን ጊዜ በሱቁ ውስጥ ስለ ሳንቲም የሚከራከረው ሰው ሒሳቡን ረስቶ በልቡ ብቻ ሲመራ፣ ወይም ልቡን ረስቶ በደላላ ችኰላ ሲሸነፍ ብዙ ጊዜ ይታያል። ስለዚህ በዛሬው ትምህርት በቅርብ የማውቀውን አንድ ጉዳይ ለተከበሩ አንባብያን አቅርቤ፣ ውሳኔው በምን መንገድ ሊመረመር እንደሚገባው ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በጸሐፊነት የማገለግላቸው ነጋዴ በደብረ ብርሃን ከተማ የቢራ ገብስ ከገበሬ ሰብስበው የሚሸጡ ናቸው። አባታቸው በ1958 ዓ.ም. የገዙት አንድ ቮልስዋገን ነበራቸው። መኪናው ለብዙ ዘመን በግቢው ጥግ በሸራ ተሸፍኖ ከቆየ በኋላ፣ አባትየው ሲያርፉ ልጅየው በሦስት ዓመት ውስጥ 420,000 ብር አውጥተው አሳደሱት። ባለፈው ኅዳር ገብስ ወደ አውድማ በሚወርድበት ሰሞን አንድ ደላላ ከአዲስ አበባ ገዢ ይዞ መጣ፤ ዋጋው 900,000 ብር፣ የመልሱም ቀን እስከ ቅዳሜ ድረስ ነበር። በዚያው ሳምንት ለገብስ መግዣ 600,000 ብር ጐድሎን ነበርና ነጋዴው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ገብተው «እስቲ ቍጥሩን አስቀምጪልኝ፤ ልቤ ሁለት ሆኗል» አሉኝ። ከዚህ በታች የምጽፋቸውን ቍጥሮች ለስሌት እንዲያመቹ ክብ አድርጌአቸዋለሁ። የሥራው አካሄድ ግን እንደ ነበረ ነው።

1ኛ. የዚህ ዕቃ ዋጋ ከምን ይመጣል?

በአገራችን አውቶሞቢል የታየው በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ይዞ አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓይነት መኪና ገብቷል፤ እንደ ቮልስዋገን በሕዝብ ልብ የቀረ ግን ጥቂት ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚሁ ዓይነት መኪና መሆኑን የማያስታውስ የለም።

ነገር ግን ዝና ብቻውን ዋጋ አይሆንም። በግንቦት 2022 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1955 የተሠራ አንድ መርሴዲስ ቤንዝ 135 ሚሊዮን ዩሮ ተሽጧል፤ ከዚያ ዓይነት የተሠሩት ግን ሁለት ብቻ ነበሩ። የእኛው ቮልስዋገን በሜክሲኮ አገር የመጨረሻው እስከ ተሠራበት እስከ 2003 ድረስ 21,529,464 ተሠርቷል። ስለዚህ በዓለም ገበያ ብርቅ ዕቃ ይዘናል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ዋጋውን ከፍ ያደረገው የራሳችን ገበያ ሁኔታ ነው።

ይኸውም በሦስት ምክንያት ነው። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ መጠን ታክሱም እንዲጨምር አደረገ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ተነገረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለ ፈቀደ፣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በብር ሲቈጠር ወደደ። እነዚህ ምክንያቶች በአገር ውስጥ ያለውን አሮጌ መኪና ዋጋ ይደግፋሉ። በሌላ በኩል ግን መለዋወጫውም ከውጭ የሚመጣ ነውና ያው ምክንያት ጥገናውን ያስወድዳል። አንድ ምክንያት በሁለት በኩል እንደሚቈርጥ ማስተዋል የነጋዴ ፈንታ ነው።

2ኛ. የወጣ ገንዘብ ዋጋ አይደለም

ነጋዴው በመጀመሪያ የተናገሩት ቃል «420,000 ብርና የሦስት ዓመት ድካም አፍስሼበት ከአንድ ሚሊዮን በታች አልሰጥም» የሚል ነበር። ይህ ቃል ከማናችንም አፍ ሊወጣ ይችላል። ነገር ግን ገዢው ሊከፍል የሚፈቅደው እኛ ባወጣነው ልክ ሳይሆን እርሱ በሚያገኘው ጥቅም ልክ ነው። ጨው በውድ ገዝቶ ዋጋው የወደቀበት ነጋዴ «በዚህ ነው የገዛሁት» ቢል ማን ይሰማዋል? ለላሜራ ሠሪው፣ ለቀለም ቀቢውና ከሶማሌ ተራ ለተገዛው መለዋወጫ የተከፈለው ገንዘብ መኪናው ቢሸጥም ባይሸጥም አይመለስም። ስለዚህ ለትርፍና ኪሳራ መዝገብ ይጠቅማል እንጂ ለዛሬው ውሳኔ አይጠቅምም።

በዚህ ፈንታ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ መኪናው ባይኖርህና ገንዘቡ በእጅህ ቢኖር፣ ይህንኑ መኪና በዚህ ዋጋ ዛሬ ትገዛው ነበርን? እገዛው ነበር የሚል ያስቀምጠው። አልገዛውም የሚል ግን ለምን እንደሚያስቀምጠው ምክንያቱን ለራሱ ይንገር።

3ኛ. ማስቀመጥም ወጪ አለው

ከ900,000 ብር ላይ ለደላላ 18,000፣ ለምርመራና ለጽሑፍ ሥራ 12,000 ቢቀነስ በእጅ የሚገባው 870,000 ብር ነው። የምናመዛዝነው ይህን እንጂ ደላላው የጠራውን ቍጥር አይደለም።

ቀጥሎ የማስቀመጡን የዓመት ወጪ ጻፍን። የግዴታው የሦስተኛ ወገን መድን፣ የዓመት ምርመራና ቦሎ፣ ዘይት፣ ባትሪ፣ ለጎማ የሚጠራቀም፣ እንዲሁም ብዙዎች የሚረሱት የቆመበት ክፍል ኪራይ ተደምሮ 45,000 ብር ሆነ። ያ ክፍል መኪና ባይቆምበት የገብስ ጆንያ ይይዝ ነበርና ኪራዩ በእውነት ወጪ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ወጪ ግን በደረሰኝ የማይታየው ነው፤ ይኸውም 870,000 ብሩ በሌላ ሥራ ላይ ቢውል ያስገኝ የነበረው ጥቅም ነው።

4ኛ. ገብሱን ከመኪናው ጋር ስለ ማመዛዘን

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የጐደለን 600,000 ብር ቢገኝ በአራት ወር ውስጥ 90,000 ብር ያህል ትርፍ እንደሚያስገኝ ገምተን ነበር። ነጋዴውም «እንግዲያው መኪናውን ባልሸጥ 90,000 ከሰርሁ ማለት ነው» አሉ። ይህ ትክክል የሚሆነው ገንዘቡን ለማግኘት ከመኪናው በቀር ሌላ መንገድ ከሌለ ብቻ ነው። ባንክ በዓመት ከ100 18 ወለድ የሚያበድር ቢሆን ግን የ600,000 ብር የአራት ወር ወለድ 36,000 ብር ነው። የገብሱ ትርፍ በብድሩም ስለሚገኝ መኪናው ያስቀረው ወጪ 36,000 ብር ብቻ ነው እንጂ 90,000 አይደለም። ዕቃን የምናመዛዝነው ከሌላው መንገድ ሁሉ ርካሹ ከሆነው ጋር ነው።

እንግዲህ መኪናው ቢሸጥ የዓመቱ ጥቅም እንዲህ ይሆናል። የሚቀረው የብድር ወለድ 36,000፤ 600,000 ብሩ ከገብስ ከተመለሰ በኋላ በስምንት ወር ውስጥ ከ100 7 ወለድ ቢያስገኝ 28,000፤ ትርፍ የሆነው 270,000 ብር በዓመት 18,900፤ ድምሩ 82,900 ብር። የማስቀመጫው 45,000 ሲጨመርበት 127,900 ብር ይሆናል። ይህም ከ870,000 ብር ውስጥ ከ100 14.7 ያህል ነው። ስለዚህ የመኪናው ዋጋ በዓመት ውስጥ በዚህ ያህል ካልጨመረ ማስቀመጡ በገንዘብ በኩል ያከስራል። የብር የመግዛት ኀይል ሲቀንስ የመኪና ዋጋ ከፍ ሊል ይችላል። ነገር ግን የገብስም የብርድ ልብስም ዋጋ አብሮ ከፍ ይላልና፣ ይህን ለመኪናው የተለየ ትርፍ አድርጎ መቍጠር አይገባም።

5ኛ. ከሒሳብ በፊት ባለቤትነት

ስሌቱን ጨርሼ ለውሉ የሚያስፈልገውን ለማዘጋጀት ሊብሬውን ገለጥሁት። በመጀመሪያ ልገልጠው ይገባኝ ነበር። ስሙ የአባትየው ነው! ከሞቱ በኋላ ማንም አላዛወረውም። ነጋዴው ገንዘብ አውጥተው ቢያሳድሱትም ንብረቱ የውርስ ንብረት ነው፤ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቍጥር 842 መሠረት ደግሞ ልጆች እኩል ይወርሳሉ። እርሳቸውም አንድ ወንድምና አንዲት እኅት አሏቸው።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ የሚፈርም እጅ የለንም» አልኋቸው። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ተቀመጡ። ደላላውን አስጠርተው እውነቱን ነገሩት። ገዢው ተቈጣ፤ ቀብድ ግን አልተቀበልንምና ክርክር አልተነሣም። ተቀብለን ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ምን ይደርስ እንደ ነበር አንባቢ ይገምተው።

በእሑድ ቀን ወንድምና እኅት ተሰበሰቡ። እኅታቸው የተናገሩትን ጽፌዋለሁ፤ «ወንድሜ፣ ቢሸጥም ባይሸጥም አልቈጣም፤ ሳትጠይቀን መሸጡን ግን አልወድም ነበር። እኔ ልጄን የማስተምርበት ገንዘብ እንጂ መኪና አያስፈልገኝም» አሉ። የቤተ ዘመድ ሽማግሌ ባለበት መኪናው ከመታደሱ በፊት 150,000 ብር ያወጣ እንደ ነበር ተስማሙና ለእያንዳንዳቸው 50,000 ብር እንዲደርሳቸው፣ የወራሽነት ማረጋገጫውም ከፍርድ ቤት ወጥቶ ስሙ እንዲዛወር ወሰኑ። ለሁለቱ የተከፈለው 100,000 ብር መኪናው ቢሸጥም ባይሸጥም የሚከፈል ስለ ሆነ፣ በላይ በጻፍነው ማመዛዘን ውስጥ አይገባም።

6ኛ. ለመሸጥ የቈረጠ ሰው ምን ያዘጋጅ?

ሻጭ ገዢ ከመምጣቱ በፊት ዕቃውን በገዢ ዓይን ይመርምር። በቮልስዋገን የሻንሲው ቍጥር ከኋላ ወንበር ሥር፣ የሞተሩ ቍጥር ደግሞ ከጄኔሬተሩ መቀመጫ በታች ይገኛልና ሁለቱም ከሊብሬው ጋር ይመሳከሩ። ሞተር ተለውጦ ካልተመዘገበ ስም የማዛወሩ ሥራ ይሰናከላል። ዝገት የሚደበቀው በወለሉ፣ በበሮቹ ሥር ባለው ቋሚና ከኋላ ወንበር በታች ባትሪው በሚቀመጥበት ስፍራ ነው። በስቱኮ የተሞላ ላሜራ ማግኔት አይዝምና በቀለሙ ማማር ማንም አይታለል። ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለ ሆነ በደብረ ብርሃን ብርድ የሚረጋ ውኃ የለውም፤ ነገር ግን እንደ እኛ ባለ ደጋ አየሩ ስሱ ነውና ማንኛውም እንዲህ ያለ የቤንዚን ሞተር ኀይሉ ይቀንሳል። ካርቡራቶሩም ለዚሁ ተስተካክሎ ከሆነ ወደ ቈላ ለሚወስደው ገዢ ይነገረው። ፍሬኑ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው መንገድ ይፈተን።

የሚታወቀውን ጉድለት ሁሉ በውሉ ላይ መጻፍ ለገዢው ብቻ ሳይሆን ለሻጩም ጥበቃ ነው። ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት በሕግ ኀላፊ ነው፤ አውቆ የሰወረ ደግሞ «እንዳለ ሸጥሁት» በሚል ቃል አያመልጥም።

መደምደሚያ

የገብሱ ገንዘብ በብድር ተገኘ። ስሙ ከተዛወረ በኋላ የ2ኛውን ክፍል ጥያቄ ለነጋዴው አቀረብሁላቸው። ጥቂት አስበው «የሌላ ሰው ቢሆን በ870,000 አልገዛውም ነበር። አባቴ ግን ትምህርት ቤት ያደርሱኝ የነበረው በዚህ ነው» አሉ። እንግዲያው የምታስቀምጡት መኪና ሳይሆን መታሰቢያ ነውና ዋጋውን ዐውቃችሁ ክፈሉ ብዬ፣ በመዝገቡ ላይ አንድ ስምምነት ጻፍን። መኪናው ለአንድ ዓመት ይቀመጣል። በዓመቱ ውስጥ ከ12 ቀን ያነሰ ከተነዳ በሚመጣው ኅዳር ይሸጣል። ዋጋው ካልጨመረና በ12 ቀን ብቻ ከተነዳ፣ የእያንዳንዱ ቀን መንዳት 10,658 ብር ያህል እንደሚሆንም ከሥሩ ጻፍሁበት። እርሳቸውም ሥቀው ፈረሙ። በጥምቀት ማግስት እኅትና ወንድማቸውን ይዘው አንኮበር ደርሰው ተመለሱ፤ ይህም አንድ ተብሎ ተመዘገበ።

እኔ ብሆን ኖሮ እሸጠው ነበር። ነገር ግን የሒሳብ ሥራ ሰውን ማስገደድ ሳይሆን የሚከፍለውን ዐውቆ እንዲከፍል ማድረግ ነው።

አንባብያን በየቤታቸው ተመሳሳይ ጉዳይ ሲገጥማቸው እንዲያስታውሱት ትምህርቱን በአጭሩ እደግመዋለሁ። አስቀድሞ ባለቤትነትን መርምር። የወጣውን ገንዘብ ከውሳኔው አውጣ። የተጠራውን ዋጋ ሳይሆን በእጅ የሚገባውን ቍጠር። የማስቀመጥን ወጪ ሙሉ በሙሉ ጻፍ። ከሌላው መንገድ ሁሉ ከርካሹ ጋር አመዛዝን። መታሰቢያ ከሆነ መታሰቢያ ብለህ ጻፈው እንጂ ትርፍ ብለህ አትጥራው። ደላላ የቈረጠውም ቀን የደላላው ቀን እንጂ የአንተ ቀን አለመሆኑን አትርሳ።