ምክንያቱ የማይነገር ሐዘን፦ የሚወዱት ሰው ራሱን ያጠፋባቸው ሐዘንተኞችና የእድር ድጋፍ በላንቻ

አኅጽሮተ ጥናት

የሚወዱት ሰው ራሱን ያጠፋባቸው ሰዎች ከሌላው ሐዘንተኛ በተለየ ጫና ሥር ያዝናሉ። ይህ አጭር ጽሑፍ በአዲስ አበባ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን የላንቻን ሰፈር መነሻ በማድረግ፣ ነባሩ የልቅሶ ሥርዐትና እድር ለእነዚህ ሐዘንተኞች ምን እንደሚሰጡና የት ላይ እንደሚያጥሩ ይመረምራል። ጽሑፉ የተመሠረተው በታተሙ ጥናቶች፣ በቀኖናና በሕግ ድንጋጌዎች እንዲሁም በከተማው በታወቀው የልቅሶ ልማድ ላይ ነው፤ የመስክ ቃለ መጠይቅ አልተካሄደም። ዋና መከራከሪያው እንዲህ ነው፦ ሐዘንተኛን የሚደግፍ ተቋም በሰፈሩ አለ፤ ነገር ግን ሞቱ የመጣበት መንገድ ሲደበቅ ተቋሙ የሚናገርበትን ቃልና የሚቆይበትን ጊዜ ያጣል።

ቁልፍ ቃላት፦ ራስን ማጥፋት፣ ሐዘን፣ እድር፣ ነውር፣ ላንቻ

1. መግቢያ

የዓለም ጤና ድርጅት በቅርብ ዓመታት ባወጣቸው ግምቶች መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ700,000 በላይ ሰዎች ራሳቸውን ያጠፋሉ። ከ10ሩ 7 ያህሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። በኢትዮጵያ በዘርፉ ከተደረጉት ቀደምት ጥናቶች መካከል እ.ኤ.አ. በ1999 የታተሙት ሁለቱ ይጠቀሳሉ። በቡታጅራ 10,468 አዋቂዎችን ያካተተው ጥናት 3.2 በመቶ የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው እንደነበር አሳይቷል። በአዲስ አበባ በተካሄደው ተመሳሳይ ጥናት ደግሞ ቁጥሩ 0.9 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል።

እነዚህ ጥናቶች ትኩረታቸው በሞካሪው ላይ ነው። ከሞቱ በኋላ የሚቀሩት እናት፣ ወንድም፣ የትዳር ጓደኛና ጎረቤት ግን የራሳቸው ጥያቄ አላቸው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ኤድዊን ሽናይድማን ለቀሩት ሰዎች የሚደረገው ድጋፍ ራሱን የቻለ የሙያ መስክ እንዲሆን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ተከራክረዋል። በእርሳቸው አመለካከት ዛሬ ለሐዘንተኛው የሚደረገው እንክብካቤ ለሚቀጥለው ትውልድ የመከላከያ ሥራ ነው። ለረጅም ጊዜ አንድ ሰው ራሱን ሲያጠፋ 6 ያህል ሰዎች ይጎዳሉ ሲባል ቆይቷል። ጁሊ ሴሬልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተሙት የአሜሪካ ጥናት ግን ሟቹን የሚያውቁና ሞቱ የሚነካቸው ሰዎች በአማካይ 135 እንደሚደርሱ ገምቷል። ሁሉም በእኩል መጠን ያዝናሉ ማለት አይደለም። ሆኖም ቤቶች በተጠጋጉበትና ሰው በሰው በሚታወቅበት እንደ ላንቻ ባለ ሰፈር የጉዳቱ ክበብ ከቤተሰብ እንደሚሰፋ መገመት አያስቸግርም።

2. የሐዘኑ የተለየ ገጽታ

ማንኛውም ሞት ያሳዝናል። ራሱን ያጠፋ ሰው ሞት ግን ከናፍቆቱ በተጨማሪ ሦስት ሸክሞችን ይጥላል። የመጀመሪያው “ለምን?” የሚለው ጥያቄ ነው፤ መልሱን ሊሰጥ የሚችለው ሰው የለም። ሁለተኛው ጸጸት ነው፦ “ያን ቀን ስልኩን ባነሣ ኖሮ”፣ “ዝምታውን ባስተዋልኩ ኖሮ” የሚለው የማያባራ ምርመራ። ሦስተኛው ነውር ነው፤ ሐዘንተኛው ሰው ሁሉ ጣቱን የሚቀስርበት ይመስለዋል። በሟቹ ላይ መቆጣትና ስለ መቆጣቱ ደግሞ ማፈርም የዚሁ ሐዘን አካል ነው።

ነውሩ የስሜት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። አሌክሳንድራ ፒትማንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2016 በብሪታንያ በ3,432 ወጣት አዋቂዎች ላይ ያሳተሙት ጥናት፣ የቅርብ ሰው ራሱን ያጠፋባቸው ሰዎች ራሳቸውን ለማጥፋት የመሞከር ዕድላቸው የቅርብ ሰው በድንገተኛ ተፈጥሯዊ ሞት ከተለያቸው ሰዎች ጋር ሲነጻጸር በ65 በመቶ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ሁለት ተጨማሪ ግኝቶች ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ አደጋው በሥጋ ዘመድና በጓደኛ መካከል ልዩነት አላሳየም። ሁለተኛ፣ ሐዘንተኛው የሚሰማው የመገለል ስሜት በስሌቱ ውስጥ ሲገባ በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበረው ልዩነት ጎልቶ መታየቱን አቁሟል። አደጋው ከመገለሉ ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ መገለልን የሚቀንስ ድጋፍ ሕይወትን የሚጠብቅ ድጋፍ ሊሆን ይችላል።

3. የልቅሶ ሥርዐቱ የሚሰጠው

በላንቻም ሆነ በአጎራባቾቹ በጎተራና በቄራ ሞት ሲከሰት ሥርዐቱ የታወቀ ነው። መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በሽማግሌ አፍ ይነገራል። እድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ወንበርና ዕቃ ያወጣል፤ ለቤተሰቡ የተወሰነውን ገንዘብ ይከፍላል። ጎረቤት እዝን ይዞ ይመጣል። ለቀስተኛው ያለቅሳል፤ ይቀመጣል፤ ቡና ይጠጣል፤ ማታ ማታ ድንኳኑ ውስጥ ጨዋታና ካርታ አይጠፋም። ከቀብሩ በኋላ ሣልስት፣ አርባ፣ ሰማንያና ሙት ዓመት ይከተላሉ።

ማርጋሬት ስትሮቤና ሄንክ ሹት እ.ኤ.አ. በ1999 ባቀረቡት ንድፈ ሐሳብ መሠረት ጤናማ ሐዘን በሁለት ነገሮች መካከል መመላለስ ነው፦ ኀዘኑን ፊት ለፊት መጋፈጥና ከኀዘኑ ፋታ ወስዶ ወደ ኑሮ መመለስ። የልቅሶ ቤቱ ይህን ምልልስ ያለ አማካሪ ያከናውነዋል። ለቅሶውና ጨዋታው በአንድ ድንኳን ሥር ይገኛሉ፤ የመታሰቢያ ቀናቱም ሐዘንተኛው ዳግም የሚጎበኝበትን ጊዜ አስቀድመው ይቆርጣሉ።

4. ሥርዐቱ የሚዘጋበት ቦታ

ለቀስተኛ ሲገባ ቀስ ብሎ የሚጠይቀው “ምን ሆኖ ነው?” ብሎ ነው። ከሕመም ለመጣ ሞት ይህ ጥያቄ ደግ ነው፤ ሐዘንተኛው የአስታማሚነቱን ታሪክ እንዲተርክና እንዲያለቅስ በር ይከፍታል። አንድ ወጣት ራሱን ባጠፋበት ቤት ግን ያው ጥያቄ በሩን ይዘጋል። ቤተሰቡ “ድንገት ነው”፣ “ትንሽ አሞት ነበር” በሚል ይስማማል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እያንዳንዱ ለቀስተኛ የሚያጽናናው በእውነት የደረሰውን ሐዘን ሳይሆን የተነገረውን ነው። ድንኳኑ ሙሉ ሆኖ ሳለ ሐዘንተኛው ብቻውን ይሆናል። ኬኔት ዶካ እ.ኤ.አ. በ1989 “ማኅበረሰቡ ዕውቅና ያልሰጠው ሐዘን” በሚል ጽንሰ ሐሳብ ያብራሩት ይህን መሰል ሁኔታ ነው።

ለመደበቁ ቢያንስ ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው ሕግ ነው። ከተፈጥሮ ውጭ የሆነ ሞት በፖሊስና በአስከሬን ምርመራ ስለሚጣራ ቀብሩ ሊዘገይ ይችላል፤ ቤተሰቡም ባዘነበት ሰዓት ቃሉን ይሰጣል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላው ሰው ራሱን እንዲያጠፋ የገፋፋን ወይም የረዳን ሰው ነው፤ ራሱን ለማጥፋት የሞከረውን ግን በሙከራው አይቀጣም። ይህን ልዩነት ለማያውቅ ሐዘንተኛ ምርመራው ክስ ይመስለዋል።

ሁለተኛው ሃይማኖት ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልማድ እያወቀ ራሱን ላጠፋ ሰው ጸሎተ ፍትሐት እንደማይደረግ ይታወቃል። ፍርሀቱ ግን ከቀኖናው ይሰፋል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩት የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ጢሞቴዎስ ለቀረቡላቸው ጥያቄዎች ከሰጧቸው ቀኖናዊ መልሶች 14ኛው ይህንኑ ይመለከታል። መልሱ ሰውየው በአእምሮው ላይ ሥልጣን እንዳልነበረው ከተረጋገጠ መሥዋዕት ሊቀርብለት እንደሚችል ይጠቁማል፤ ዘመዶች ሊዋሹ እንደሚችሉም አስጠንቅቆ ካህኑ በጥንቃቄ እንዲመረምር ያዛል። እንግዲህ ጥንታዊው መልስ ለሕመም ቦታ ይሰጣል፤ መመርመርን እንጂ አስቀድሞ መፍረድን አይጠይቅም። በእስልምናም ድርጊቱ በጥብቅ የተከለከለ ቢሆንም አብዛኞቹ ሊቃውንት በሟቹ ላይ ሶላተል ጀናዛ እንደሚሰገድ ይስማማሉ።

የፍትሐቱ ጉዳይ ከቀብሩ ቀን አልፎ ይሄዳል። አርባውና ሰማንያው ከጸሎቱ ጋር የተያያዙ ስለሆኑ ፍትሐት በቀረበት ቤት ተዝካር ሊቀር ይችላል። ተዝካር ሲቀር ጎረቤት የሚመለስበት ቀን አብሮ ይቀራል። ሌላው ሐዘንተኛ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ የሚያገኘውን ጉብኝት፣ የበለጠ የሚያስፈልገው ሰው ያጣዋል።

የአማርኛው ልማድ ስለ ራስን ማጥፋት ፈጽሞ ዝም ያለ እንዳልሆነም መታወስ አለበት። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን ያጠፉት ዐፄ ቴዎድሮስ በግልጽ ይወሳሉ፤ አሟሟታቸውም በጀግንነት ይነገራል። ለንጉሥ የጀግንነት ቃል፣ ለሰፈር ልጅ ደግሞ የነውር ቃል አለ። በሁለቱ መካከል ሕመምንና ጭንቀትን የሚገልጽ ተራ ቃል ሳስቷል። ሐዘንተኛው የሚያስፈልገው ይህ መካከለኛ ቃል ነው፤ ድርጊቱን የሚያወድስም ሟቹን የሚያወግዝም አይደለም።

5. ከኤች አይ ቪ ዘመን የሚገኝ ትምህርት

የአዲስ አበባ እድሮች ምክንያቱ የማይነገር ሞት ሲገጥማቸው ይህ የመጀመሪያቸው አይደለም። በኤች አይ ቪ ወረርሽኝ ዘመን በየድንኳኑ “ታሞ ነው” ተብሎ ብዙ ሰው ተቀብሯል። አሉላ ፓንክረስትና ዳመን ኃይለ ማርያም እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጽሑፍ እድር በበሽታው መከላከልና ቁጥጥር ሊኖረው የሚችለውን ሚና አመልክተዋል። በተከታዮቹ ዓመታት በርካታ እድሮች ከቀባሪነት አልፈው ለሕሙማንና ወላጅ ላጡ ሕፃናት ድጋፍ ወደ መስጠት ተሸጋግረዋል።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት የአካሄድ ነው። ትምህርቱ ድንኳን ባልተተከለበት ጊዜ፣ በእድሩ ስብሰባ ላይ፣ ለአባላት ሁሉ ሊሰጥ ይችላል። በዚህ መንገድ የትኛውም ቤተሰብ ምስጢሩን እንዲያወጣ ሳይገደድ የሰፈሩ ቋንቋ ይለወጣል።

6. በእድር ደረጃ የሚቻሉ እርምጃዎች

ሀ) በመርዶ፦ እውነቱ ባጭሩ ይነገር፤ የድርጊቱ ዘዴና ዝርዝር አይነገር። ልጆችም በዕድሜያቸው ልክ ከቤተሰብ አፍ ይስሙ። ከትምህርት ቤት ወይም ከመንገድ የሚሰሙት እውነት በሐዘኑ ላይ አለመታመንን ይጨምራል።

ለ) በድንኳን፦ “ምን ሆኖ ነው?” በሚለው ፈንታ ስለ ሟቹ ሕይወት መጠየቅ ይቻላል፦ ምን ይወድ ነበር? ከማን ጋር ይውል ነበር? ስሙን መጥራት ሐዘንተኛው ልጁን በመጨረሻ ቀኑ ብቻ እንዳያስታውስ ይረዳዋል። ምክንያት መገመትና ጥፋተኛ መፈለግ ግን ይቅር።

ሐ) ከሃይማኖት አባት ጋር፦ ቤተሰቡ ፈርቶ ከመደበቅ ይልቅ የሟቹን የሕመም ታሪክ ለንስሐ አባቱ ወይም ለኢማሙ በጊዜ እንዲያስረዳ እድሩ ሽማግሌ ይመድብለት። ውሳኔው የሃይማኖት አባቱ ነው፤ የእድሩ ድርሻ ማገናኘት ነው።

መ) ከድንኳን በኋላ፦ ተዝካር ይኑርም አይኑር፣ እድሩ ሐዘንተኛው የሚያምናቸውን ሁለት ሰዎች መድቦ በአርባ፣ በሰማንያ፣ በመንፈቅና በሙት ዓመት ያስጎብኝ። ሐዘንተኛው ራሱ ስለ መሞት መናገር ከጀመረ ብቻውን አይተው፤ ሳይዘገይ ወደ ሕክምና ይወሰድ። ጤና ጣቢያ የመጀመሪያው በር ሲሆን፣ በከተማው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይገኛል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የአእምሮ ሐኪሞችን በድኅረ ምረቃ ያሠለጥናል።

7. ገደቦች

ሦስት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ ጎረቤት በአንድ ጊዜ አጽናኝም ሐሜተኛም ሊሆን ይችላል። የሚመደቡት ጎብኚዎች ምስጢር ጠባቂነት ካልተረጋገጠ ድጋፉ ይጎዳል፤ ዝም ማለትን የመረጠ ቤተሰብም መብቱ ሊከበርለት ይገባል። ሁለተኛ፣ እድር ሕክምናን አይተካም።

ሦስተኛው ገደብ ከተማው ራሱ ነው። በዚያው ክፍለ ከተማ በካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ነዋሪዎች ከነባር ሰፈራቸው ተነሥተው ወደ ተለያዩ አካባቢዎች ሄደዋል። ጎረቤት ሲበተን፣ በአርባው ቀን ማን በር እንደሚያንኳኳ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። የላንቻ እድሮች ከዚህ ዐይነት ለውጥ በፊት የጉብኝት ኀላፊነትን በመተዳደሪያ ደንባቸው ቢያሰፍሩ፣ አባላት ቢራራቁም ግዴታው በጽሑፍ ይቆያል።

8. ማጠቃለያ

በላንቻ የሚወደው ሰው ራሱን ያጠፋበት ሐዘንተኛ ድንኳን፣ ጎረቤትና እድር አለው። ሞቱ ሲደበቅ ግን ማጽናኛው ዒላማውን ይስታል፤ ፍትሐትና ተዝካር ሲቀሩም ጉብኝቱ ይቋረጣል። የቀረቡት አራት እርምጃዎች አዲስ ተቋም አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት አንድ የእድር ስብሰባ፣ ሁለት ታማኝ ጎብኚዎችና የአንድ ዓመት ትዕግሥት ነው። ለቀጣይ ተመራማሪ የሚቀረው ተግባር፣ ፈቃደኛ በሆነ አንድ እድር ይህን አሠራር መሞከርና ከሙት ዓመቱ በኋላ ሐዘንተኞቹ የተሰማቸውን የመገለል መጠን መለካት ነው።