ፊልማችሁን ሲኒማ ቤት ከማድረሳችሁ በፊት

ባለፈው ሴሚስተር የ18 ደቂቃ ፊልማችንን አዳራሽ ተከራይተን ለወላጆቻችን ስናሳይ የቴክኒኩ ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። የነርሲንግ ተማሪ ነኝ፤ ስለ ሲኒማ ቤት የማውቀው ፈንዲሻውን ብቻ ነበር። ቀጣዩ ሰው እንደ እኔ እንዳይደናገጥ የተማርኩትን እነሆ።

መጀመሪያ ቪዲዮውን በፍላሽ ይዤ ሄድኩ። ፊልም የሚያጫውተው ሰውዬ ፈገግ ብሎ «ይሄ ለላፕቶፕ ነው፤ ዲሲፒ አምጪልን» አለኝ። ዲሲፒ ማለት የዲጂታል ሲኒማ ፓኬጅ ነው። ትልልቆቹ የሆሊውድ ስቱዲዮዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ተሰባስበው የጋራ መመዘኛ ማዘጋጀት ጀመሩ፤ የመጀመሪያው እትም በ2005 ወጣ። ዲሲፒ አንድ ፋይል ሳይሆን ፎልደር ነው። ምስሉና ድምፁ ለየብቻ ይቀመጣሉ፤ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ የሚናገሩ ትንንሽ ፋይሎችም አሉበት። ከውስጡ ምንም አታጥፉ፣ የፋይል ስምም አትቀይሩ። እኔ የሠራሁት ዲሲፒ-ኦ-ማቲክ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው።

ልብ የምትሏቸው ነገሮች፦

1. ፍጥነት። ሁሉም ሲኒማ ቤት የሚቀበለው በሰከንድ 24 ፍሬም ነው። ስልክ ብዙውን ጊዜ በ30 ይቀርጻል፤ በኋላ ሲቀየር እንቅስቃሴው ይንገጫገጫል። ስለዚህ ከቀረጻው በፊት 24 ላይ አድርጉት።

2. የምስል መጠን። በ2ኬ የተለመዱት ሁለት ናቸው፦ ፍላት 1998 በ1080፣ ስኮፕ 2048 በ858። የተለመደው 1920 በ1080 ቪዲዮ ፍላት ውስጥ ሲገባ ግራና ቀኝ ቀጭን ጥቁር ጠርዝ ይተዋል፤ ችግር የለውም።

3. ድምፅ። ሲኒማ ቤት ንግግር የሚሰማው ከስክሪኑ መሃል ካለው ስፒከር ነው። ድምፃችሁ ስቴሪዮ ብቻ ከሆነ ጥግ የተቀመጠ ሰው ንግግሩን ከአጠገቡ ካለው ስፒከር ብቻ ይሰማዋል። ንግግሩን ወደ መሃል አዛውሩት።

4. ቁልፍ። የንግድ ፊልሞች ይቆለፋሉ፤ ቁልፉም ለተወሰነ ማሽንና ለተወሰነ ቀን ብቻ ይሠራል። የተማሪ ፊልም መቆለፍ ራስን መቆለፍ ነው፤ ተዉት።

5. ድራይቭ። የምስሉ መጠን በሰከንድ እስከ 250 ሜጋቢት ሊደርስ ይችላል፤ በዚህ ልክ 18 ደቂቃ ወደ 34 ጊጋባይት ይጠጋል። ብዙ ፍላሾች የሚሸጡበት ፋት32 ደግሞ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ድራይቩ እንዴት ፎርማት እንዲደረግ እንደሚፈልጉ አስቀድማችሁ ሲኒማ ቤቱን ጠይቁ።

ይህን ሁሉ አሟልቼ ከዝግጅቱ ሦስት ቀን በፊት ለሙከራ ሄድኩ። ምስሉ አማረ፤ ድምፁም አማረ። የአማርኛው የግርጌ ጽሑፍ ግን ባዶ ሳጥን ብቻ ሆነ!

ፊልሙ ውስጥ ወላጆች በአማርኛ፣ እኛ ልጆች በእንግሊዝኛ እንናገራለን። እኔም እናቴ ማታ ማታ ቢሮ ልታጸዳ ስትሄድ ብቻዬን ስጠብቃት ምን ይሰማኝ እንደነበር ተናግሬያለሁ። ለእሷ በአማርኛ ነግሬያት አላውቅም። ያ ጽሑፍ ከሌለ እናቴ ስክሪኑ ላይ አፌ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነበር የምታየው።

ምክንያቱ ቀላል ነበር። ላፕቶፔ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ስላለው ጽሑፉን አሳየኝ፤ የሲኒማ ቤቱ ማሽን ግን ፓኬጁ ውስጥ የገባውን ፎንት ብቻ ነው የሚያውቀው። እኔ ያስገባሁት ፎንት ደግሞ የእኛ ፊደል የለውም። መፍትሔው ሁለት ነው፦ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ፎንት መርጦ ፓኬጁ ውስጥ ማስገባት፣ ወይም ጽሑፉን ከምስሉ ጋር አብሮ ማተም። ሁለተኛውን መረጥኩ፤ ሌሊቱን ሙሉ እንደገና ተሠራ።

ለተግባር ልምምድ ስንወጣ መድኃኒት ከመስጠታችን በፊት የታካሚውን ስም ከእጁ አምባር ላይ እናነባለን። «አውቀዋለሁ» ብሎ ነገር የለም። እዚህም «ላፕቶፔ ላይ ሠርቷል» አይባልም። ድራይቩን ቢያንስ ከሳምንት በፊት አስረክቡ፤ ወደ ማሽኑ መገልበጡና ማረጋገጡ ራሱ ጊዜ ይወስዳል። ከዚያ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጣችሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዩት፤ ከኋላም፣ ከጥግም ሆናችሁ ስሙት።

የዝግጅቱ ዕለት እናቴ መነጽሯን አድርጋ እያንዳንዱን መስመር አነበበች። ስንወጣ «እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?» አለችኝ። መኪና ውስጥ ቤት እስክንደርስ አወራን።

የሚቀጥለውን ፊልም የምትሠሩ ካላችሁ ጠይቁኝ፤ ፎንቱንም እሰጣችኋለሁ።