«እርጅና ነው» ተብሎ የሚታለፍ ሕመም



በቅርቡ በባህል አዳራሽ ስብሰባ ላይ ሳለን አንድ አዛውንት እንዲመርቁ ተጠርተው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ተነሡ እንጂ ቶሎ መራመድ አልሆነላቸውም። እግራቸው ከወለሉ ጋር የተጣበቀ ይመስል ጥቂት ቆሙ፤ ከዚያም እግራቸውን ሳያነሡ በአጫጭር እርምጃ እየጎተቱ ሄዱ። አንድ ጓደኛችን «ምን ይደረግ፥ እርጅና ነው» አለ፤ እኛም ተስማማን። ወደ ግቢ ስንመለስ ግን ነገሩ ከነከነን። የእኚህ አባት ሕመም ምን እንደ ሆነ አናውቅም። ነገር ግን እንዲህ ያለ አረማመድ የሚያመጣ፥ አንዳንድ ጊዜም ሊታከም የሚችል ሕመም መኖሩን ተምረናል።

በአንጎላችን ውስጥ አራት ክፍት ጓዳዎች አሉ። በነዚህ ውስጥ እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ይመነጫል፤ አንጎልንና ኅብለ ሰረሰርን ከቦ ከግጭት ይጠብቃል፤ በመጨረሻም ወደ ደም ይመለሳል። በአዋቂ ሰው በአንድ ጊዜ የሚገኘው 150 ሚሊ ሊትር ያህል ሲሆን በቀን የሚመነጨው ግን 500 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ስለዚህ የሚመነጨውን ያህል ካልተመለሰ ጓዳዎቹ እየሰፉ የአንጎልን ክሮች ይለጥጣሉ። ይህ ሃይድሮሴፋለስ ይባላል።

በሕፃን ላይ ሲደርስ የራስ ቅሉ ገና ስላልገጠመ ጭንቅላቱ ያድጋል፤ እናትም ቶሎ ታየዋለች። በአረጋዊ ላይ ግን ጭንቅላቱ አያድግም፤ የፈሳሹ ግፊት ሲለካም ብዙውን ጊዜ ደኅና ነው። ይህን ዓይነቱን ሕመም እ.ኤ.አ. በ1957 በቦጎታ ከተማ ያስተዋለው ኮሎምቢያዊው ዶክተር ሳሎሞን ሐኪም ነበር። የቤተ ሰቡ ስም በእኛ ቋንቋ ሙያውን መሆኑ ደስ የሚል አጋጣሚ ነው። በ1965 ከባልደረቦቹ ጋር በሕክምና መጽሔት አሳተመው።

ምልክቶቹ ሦስት ናቸው።

አንደኛ፤ አረማመድ ይለወጣል። ሰውየው እግሩን አራርቆ፥ በአጭሩ እየጎተተ ይሄዳል፤ ለመዞርም ይቸገራል። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚታየው ይህ ነው።

ሁለተኛ፤ ሽንት ያጣድፋል፤ በኋላም ያመልጣል።

ሦስተኛ፤ አሳብ ይዘገያል፤ መርሳትና ቸልተኝነት ይመጣል።

ሦስቱ ሁልጊዜ አብረው አይገኙም። በአልዛይመር ሕመም ብዙውን ጊዜ መርሳት ይቀድማል፤ አረማመድ የሚበላሸው በኋላ ነው። ፓርኪንሰን፥ የጉልበት ሕመምና የፕሮስቴት እጢም ተመሳሳይ ነገር ስለሚያሳዩ መለየቱ የሐኪም እንጂ የእኛ ሥራ አይደለም።

ሐኪሙ በሲቲ ስካን ወይም በኤም.አር.አይ. የጓዳዎቹን ስፋት ያያል። ከዚያም ከወገብ በመርፌ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ቀድቶ፥ በሽተኛው ከዚያ በፊትና በኋላ እንዴት እንደሚራመድ ያመዛዝናል። ይጠቅመዋል ከተባለ ሻንት የተባለ ቀጭን ቱቦ ከአንጎል ተነሥቶ በቆዳ ሥር እስከ ሆድ ይዘረጋለታል። ቱቦው ሊደፈን፥ ሊመረቅዝ ወይም ደም መፍሰስ ሊያስከትል ይችላል፤ ሁሉም ሰውም አይድንበትም። ቢሆንም በጊዜ ከተደረሰበት ብዙዎች፥ በተለይ በአረማመዳቸው፥ ይሻሻላሉ።

በሀገራችንም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ እ.ኤ.አ. በ2006 የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን ጀምሯል። ነገር ግን በሽተኛው ከቤቱ ካልወጣ የሐኪሙ መኖር ምን ይጠቅማል? ሽንት የሚያመልጣቸው አባት ያፍራሉ፤ የሚረሱት እናት «ጃጁ» ይባላሉ፤ ሁለቱም እቤት ይቀራሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የተባለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ለፍቼ ጨምበላላ፥ ለመስቀል ወይም ለዒድ ወደየቤታችን ስንሄድ አያቶቻችን ሲራመዱ ልብ ብለን እንይ። ስለ ሽንታቸውም በክብርና በገለልተኛ ቦታ እንጠይቃቸው። ለውጥ ካየን «እርጅና ነው» ብለን ከመፍረዳችን በፊት ወደ ሐኪም ይዘናቸው እንሂድ።