የተጠቀሙበትን ሶፍትዌር በጥናትዎ እንዴት ይጠቅሳሉ?

መጽሐፍ ጠቅሶ ደራሲውን መተው ነውር ነው። ስሌቱን በሙሉ የሠራልንን ሶፍትዌር ግን ብዙዎቻችን «ትንተናው በአር ተሠርቷል» ብለን እናልፈዋለን። ይህ የሠሪዎቹን ድካም ከመካዱም በላይ ጥናቱን ደግሞ መሥራት ለሚፈልግ ሰው መንገዱን ይዘጋበታል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩ አር 3.6.0 ናሙና በዕጣ የሚያወጣበትን ስልት ቀይሯል። ያው ኮድ፣ ያው መነሻ ቁጥር ቢሰጠውም ከቀድሞው የተለየ ናሙና ሊያወጣ ይችላል።

1. ዝርዝር ይያዙ። ውጤቱን ሊለውጥ የሚችለውን ሁሉ ይመዝግቡ። ጽሑፉን የተየቡበትን ዎርድ መጥቀስ አያስፈልግም፤ ሞዴሉን ያሰላው ፓኬጅ ግን መቅረት የለበትም።

2. ቨርዥኑን ያስቀምጡ። ትንተናው ባለቀበት ዕለት አር ላይ «ሴሽንኢንፎ» የሚለውን ትእዛዝ ከነቅንፉ ይጻፉ። የአርን፣ የከፈቷቸውን ፓኬጆችና የኮምፒውተሩን ሲስተም ቨርዥን ይዘረዝርልዎታል። ገልብጠው ከኮድዎ ጋር ያኑሩት።

3. ሶፍትዌሩን ራሱን ይጠይቁ። «ሳይቴሽን» የሚለው ትእዛዝ አር እንዴት እንደሚጠቀስ ይነግርዎታል፤ በቅንፉ ውስጥ የፓኬጅ ስም ካስገቡ የፓኬጁን ያወጣል። ለምሳሌ ኤልኤምኢ4 ስለተባለው ፓኬጅ ቢጠይቁት ቤትስ፣ ሜክለር፣ ቦልከርና ዎከር እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙትን ጽሑፍ ይሰጥዎታል። ኮዱ ጊትሃብ ላይ ላለ ሶፍትዌር ደግሞ «ሳይቴሽን» የሚል ፋይል መኖሩን ይመልከቱ።

4. ሁለት ቦታ ይጻፉት። በአጠናን ዘዴው ክፍል እንዲህ ይበሉ፦ «ሞዴሉ በአር 4.3.1 (አር ኮር ቲም፣ 2023) እና በኤልኤምኢ4 1.1-34 (ቤትስና ሌሎች፣ 2015) ተሰልቷል።» ሙሉ መረጃውን በዋቢዎች ዝርዝር ያስገቡ። የ2015ቱ ጽሑፍ እርስዎ የትኛውን ቨርዥን እንደተጠቀሙ ስለማይናገር፣ ቁጥሩ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ መግባቱ ግድ ነው።

5. የራስዎን ኮድም ያስጠቅሱ። የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት (ሰርን) በሚያስተዳድረው ዜኖዶ በተባለው ማከማቻ ላይ ሲያስቀምጡት ቋሚ መለያ፣ ማለትም ዲኦአይ ያገኛል። ዜኖዶ ለእያንዳንዱ ቨርዥን አንድ፣ ለሁሉም በጋራ አንድ ዲኦአይ ይሰጣል፤ በጽሑፍዎ የሚገባው የተጠቀሙበት ቨርዥን ዲኦአይ ነው።

ጽሑፍዎን ከማስረከብዎ በፊት ሶፍትዌሩን የጠቀሱበትን አንቀጽ ለሥራ ባልደረባዎ ያስነብቡ። እርስዎን ምንም ሳይጠይቅ ያንኑ ሶፍትዌር፣ በዚያው ቨርዥን አግኝቶ መጫን ከቻለ በትክክል ጠቅሰዋል።