የመኪና ማሳ፦ የኤሌክትሪክ መመለሻውን በቤት ማጠናከር

ማሳ ምንድን ነው?

ኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠራው ዞሮ ወደ መነሻው ሲመለስ ብቻ ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ የወጣው ፍሰት በመብራቱ ወይም በሞተሪኖው (ሞተሩን በሚያስነሳው መሣሪያ) ውስጥ አልፎ ኔጌቲቩ ጫፍ ላይ መድረስ አለበት። ለእያንዳንዱ ዕቃ መሄጃና መመለሻ ሽቦ ለየብቻ ቢዘረጋ ሽቦው ይበዛል፤ ወጪውም ይጨምራል። ስለዚህ በመኪና ላይ መሄጃው ሽቦ ሲሆን፣ መመለሻው በአብዛኛው የመኪናው ብረት ራሱ ነው።

ይህ የመመለሻ መንገድ በመካኒኮች ዘንድ ማሳ ይባላል፤ ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ማሳ የሚባለው የባትሪው ኔጌቲቭ ኬብል፣ ኬብሉ የሚታሰርበት ሻንሲ (የመኪናው የብረት አካል)፣ ሞተሩን ከሻንሲው የሚያገናኘው ኬብልና የየመብራቱ ማሰሪያ በአንድነት ነው። ሞተር የሚቀመጠው ንዝረት በሚያበርድ ጎማ ላይ ነው፤ ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በዚህ ምክንያት ሞተሩ የራሱ የማሳ ኬብል የግድ ያስፈልገዋል።

ማሳ የሚደክመው ለምንድን ነው?

ድክመቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከኬብሉ መሐል ሳይሆን ከመገናኛው ነው። የኬብሉ ጫፍና የሻንሲው ብረት በሚገጥሙበት ቦታ ውኃና አቧራ ሲገባ ብረቱ ይዝጋል፤ ዝገት ደግሞ ኤሌክትሪክን በሚገባ አያሳልፍም። ቀለምም እንዲሁ ነው፤ አካሉ ተጠግኖ እንደገና የተቀባ መኪና ማሰሪያው በቀለም ላይ ታስሮ ሊገኝ ይችላል። ንዝረት ቡሎኑን ያላላል፤ ከባትሪው የሚወጣው የአሲድ ትነትም ማሰሪያውን በነጭና አረንጓዴ ብናኝ ይሸፍነዋል።

የጉዳቱ መጠን በቀላል ስሌት ይታወቃል። የሚባክነው ቮልቴጅ የፍሰቱ መጠን (በአምፔር) በመንገዱ ተቃውሞ (በኦም) ሲባዛ የሚገኘው ነው። ሞተሪኖው 150 አምፔር ሲስብ ማሳው 0.01 ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢኖረው 1.5 ቮልት በመንገድ ይቀራል፤ ይህም 225 ዋት ወደ ሙቀት ተለውጦ ጠፋ ማለት ነው። በዚያው መንገድ ላይ 9 አምፔር ገደማ የሚስቡት ሁለቱ የፊት መብራቶች የሚያጡት ግን 0.09 ቮልት ነው። የሞተሩ ማሳ ሲደክም መጀመሪያ የሚቸገረው ሞተሪኖው የሆነው ለዚህ ነው።

ድክመቱ በምን ይታወቃል?

ሙሉ ባትሪ እያለ ሞተሪኖው እያቃሰተ ከዞረ፣ ወይም ኬብሉ የታሰረበት ቦታ ከማስነሳት በኋላ ሲነካ ከሞቀ ማሳው ይጠረጠራል። በኋላ መብራት ላይ የሚታየው ምልክት ደግሞ ለየት ያለ ነው፤ ፍሬቻ ሲበራ የጎን መብራቱም አብሮ ብልጭ ድርግም ይላል። በራሱ ማሳ መመለስ ያቃተው ፍሰት በጎረቤቱ አምፖል በኩል መውጫ ስለሚፈልግ ነው።

ጥርጣሬው በልኬት ይረጋገጣል። ሞተሩ እንዳይነሳ የኮይሉ (የሻማውን ብልጭታ የሚያመነጨው መሣሪያ) ሽቦ ወይም የነዳጅ ፓምፑ ፊውዝ ይነቀላል። ቴስተሩ (የኤሌክትሪክ መለኪያው) በዲሲ ቮልት ላይ ይደረግና አንዱ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ የእርሳስ ጫፍ ላይ፣ ሌላው በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ ይያዛል፤ ከዚያ ቁልፉ ለጥቂት ሰከንድ ይዞራል። ንባቡ ከ0.2 ቮልት ካልበለጠ ማሳው ደህና ነው፤ 0.5 ቮልትና ከዚያ በላይ ከሆነ መታረም ያለበት መገናኛ አለ።

የቮልስ መኪና ምን ያስተምራል?

በኢትዮጵያ ቮልስ እየተባለች የምትወደደው የቮልስዋገን ቢትል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር ይቀመጣል፤ ሞተሪኖዋ በካምቢዮው (በማርሽ ሳጥኑ) ላይ ይታሰራል። ካምቢዮው በጎማ ስለተያዘ ፍሰቱ ወደ ሻንሲው የሚመለሰው እንደ ሹሩባ በተጎነጎነ አንድ የብረት ጥልፍ በኩል ነው።

ይህ ጥልፍ ሲበጠስ ፍሰቱ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም የፍሪሲዮንና የነዳጅ መስጫ ገመዶችን ነው። ገመዶቹ ለመጎተት እንጂ ለኤሌክትሪክ የተሠሩ ስላልሆኑ ይግላሉ፤ ሊጎዱም ይችላሉ። የፍሪሲዮን ብልሽት መስሎ የሚታየው ችግር ምንጩ አንድ የተበጠሰ ጥልፍ ሊሆን ይችላል።

ማሻሻያው እንዴት ይከናወናል?

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ 25 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ኬብል፣ ለጫፎቹ የመዳብ ቀለበት፣ የሽቦ ብሩሽ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ቡሎንና ሮንዴላ፣ ጥቂት ቫዝሊን። ከሥራው በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ማሰሪያ ቀድሞ ይፈታል፤ ሲመለስ ግን መጨረሻ የሚታሰረው እርሱ ነው። ፖዘቲቩ ቀድሞ ቢፈታ መፍቻው የመኪናውን ብረት ሲነካ ከፍተኛ ብልጭታ ይፈጠራል፤ ቃጠሎም ሊያደርስ ይችላል።

መጀመሪያ ነባሮቹ መገናኛዎች ተፈትተው ብረቱ እስኪያበራ ይፋቃሉ፤ የአሲዱ ብናኝ በውኃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ይታጠባል። ቀጥሎ አዲሱ ኬብል ከሞተሩ ብረት ወደ ሻንሲው፣ ከነባሩ ጎን ይታሰራል። ቀለበቶቹ በኬብሉ ላይ በመጭመቂያ ጠብቀው መያዝ አለባቸው። ቫዝሊን የሚቀባው ቡሎኑ ከጠበቀ በኋላ ከላይ ነው፤ ዓላማው እርጥበትን መከልከል ብቻ ነው።

የማሻሻያው ልክ የት ድረስ ነው?

በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች የባትሪው ኔጌቲቭ ማሰሪያ ላይ ፍሰትን የሚለካ ሴንሰር አለ። ተጨማሪው ኬብል በቀጥታ በባትሪው ጫፍ ላይ ከታሰረ ሴንሰሩን ስለሚያልፈው ልኬቱ ይዛባል፤ ስለዚህ መታሰር ያለበት በሻንሲው ላይ ነው። በኤሌክትሪክና በሃይብሪድ መኪኖች ላይ የሚታዩት ብርቱካንማ ኬብሎች ደግሞ ለሕይወት አስጊ የሆነ ቮልቴጅ ስለሚሸከሙ በቤት ሥራ ፈጽሞ አይነኩም።

ማሳን ማጠናከር ለመኪና አዲስ ጉልበት አይጨምርም፤ በመንገድ ሲባክን የነበረውን ይመልሳል እንጂ። ማሳው ጤነኛ በሆነ መኪና ላይ ተጨማሪ ኬብል ማሰር ለውጥ አያመጣም፤ በዛገና በላላ ማሳ ላይ ግን ጥቅሙ ቁልፉ ሲዞር ወዲያው ይሰማል። ፍርዱን የሚሰጠው ቴስተሩ ነው፦ ከሥራው በፊት 0.8 ቮልት ያሳየ መኪና ከሥራው በኋላ 0.1 ካሳየ የዋለው ጊዜ በከንቱ አልጠፋም። ባትሪ ወይም ሞተሪኖ ከመቀየሩ በፊት መለካት ያለበትም ማሳው ነው።